ቀለበቱ ሲደበዝዝ፦ አዳማ ውስጥ በአንድ ላብራቶሪ ሲዲ4 ሴሎችን ከደም የመለየት ሥራ ለምን ተበላሸ፣ እንዴትስ ተስተካከለ

ከደም ውስጥ አንድ ዓይነት ሴል ብቻ ነጥሎ ማውጣት ከባድ የሚሆነው የሚፈለገው ከማይፈለገው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ቀይ ሴሎች አሉ። ነጭ ሴሎች በሺዎች፣ ሲዲ4 የሚባለውን ምልክት የተሸከሙት ቲ ሴሎች ደግሞ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ስለዚህ አንድ ሲዲ4 ሴል ለማግኘት ብዙ ሺህ ቀይ ሴሎችን ማስወገድ ግድ ነው። በዚህ መካከል የሚጠፋ ሴል ሁሉ የሄደበት ቦታ አለው፤ ከዚህ በታች የቀረበው ጉዳይ የተፈታውም ያንን ቦታ ፈልጎ በመቁጠር ነው።

ላብራቶሪው አዳማ ውስጥ ነው፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ከከተማዋ፣ ከወንጂ፣ ከወለንጪቲና ከመተሐራ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎችን ደም ይቀበላል። ከደሙ ሲዲ4 ቲ ሴሎችን ያወጣና የነቀርሳው ባክቴሪያ ፕሮቲን ሲቀርብላቸው ምን ዓይነት ምላሽ እንደሚሰጡ ይመረምራል። ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ሊምፎሳይቶችና ሞኖሳይቶች የተባሉ ነጭ ሴሎች (ቲ ሴሎች ከሊምፎሳይቶቹ ወገን ናቸው) በአንድነት ከቀሩት የደም ሴሎች በእፍግታቸው ይለያሉ። በሁለተኛው ከእነዚህ መካከል ሲዲ4 ሴሎች በማግኔት ይነጠላሉ።

ለረጅም ጊዜ ያለ ችግር ሲሄድ የነበረው ሥራ ከመጋቢት ጀምሮ ተበላሸ። ከሽክርክሪት በኋላ በግልጽ መታየት የነበረበት፣ የተፈለጉት ሴሎች የሚሰበሰቡበት ነጭ ቀለበት ደበዘዘ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሮዝ ሆኖ ይታይ ጀመር። የሚሰበሰበው ሴል ከሚጠበቀው ሩብ ያህል ሆነ። በማግኔቱ ደረጃም ሴሎቹ የሚያልፉበት ቀጭን ቱቦ (ኮለሙ) መሀል ላይ ይዘጋል፤ ተነጥሎ የወጣው ሴልም ንጹሕ አልሆነም።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ፊኮል የተባለው፣ ሴሎቹ በእፍግታ የሚለዩበት ፈሳሽ ተበላሽቷል የሚል ነበር። አዲስ ጠርሙስ ተከፈተ፤ ለውጥ አልመጣም። ጠርሙስ መቀየር ከሁሉም ስለሚቀል እንዲህ ዓይነት ጥርጣሬ በብዙ ቦታ ቀድሞ ይመጣል። ነገር ግን ምርመራው ከዚያ ሲጀምር ብዙ ጊዜና ብዙ ደም ይባክናል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነበር

ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ሄፓሪን ባለው አረንጓዴ ክዳን ቱቦ ይቀዳል። 8 ሚሊ ሊትር ደም ካልሲየምና ማግኒዥየም በሌለው 8 ሚሊ ሊትር ፒቢኤስ (ጨዋማ ማቅጠኛ ፈሳሽ) ይቀጥናል። አራት የ15 ሚሊ ሊትር ሾጣጣ ቱቦዎች ይዘጋጁና በእያንዳንዳቸው 3 ሚሊ ሊትር ፊኮል ይደረጋል። በላዩ ላይ 4 ሚሊ ሊትር የቀጠነ ደም፣ ቱቦው ተዘንብሎ፣ በግድግዳው እየተንቆረቆረ በዝግታ ይጨመራል። ሁለቱ ፈሳሾች መቀላቀል የለባቸውም፤ ድንበሩ እንደ መስመር ጥርት ብሎ ካልታየ ያንን ቱቦ ማሽከርከር ዋጋ የለውም። ከዚያ ቱቦዎቹ ባልዲው በሚወዛወዝ የሴንትሪፊዩጅ (የማሽከርከሪያ መሣሪያ) ሮተር ላይ በ400 ጂ፣ ማለትም በመሬት ስበት 400 እጥፍ፣ ለ30 ደቂቃ፣ ያለ ፍሬን ይሽከረከራሉ።

ዘዴው ኖርዌያዊው አርኔ ቦዩም እ.ኤ.አ. በ1968 ካሳተመው ሥራ የመጣ ነው። ፊኮል የሚባለው ትልልቅ የስኳር ሞለኪውሎችና ዲያትሪዞኤት የተሰኘ የአዮዲን ጨው ያሉበት ፈሳሽ ሲሆን እፍግታው በሚሊ ሊትር 1.077 ግራም ነው። ሊምፎሳይትና ሞኖሳይት ከዚህ ቀለል ስለሚሉ ፊኮሉ ላይ ይንሳፈፋሉ። ቀይ ሴሎች ከፊኮሉ ጋር ሲገናኙ ተያይዘው በመከመር ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ግራኑሎሳይቶች የተባሉት ሌሎች ነጭ ሴሎችም ከበድ ስለሚሉ አብረዋቸው ይሰምጣሉ። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ደቃቅ ፕላትሌቶች በአብዛኛው ከላይ በፕላዝማው ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ቱቦው ከላይ ወደ ታች ሲታይ መጀመሪያ ቢጫ ፕላዝማ፣ ቀጥሎ ነጭ ቀለበት፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ፊኮል፣ ከሥር ደግሞ ቀይ ዝቃጭ ይሆናል። የዚህ ሁሉ መሠረት በ1.077 ዙሪያ ያለች ጠባብ ልዩነት ናት። ሙቀት ቢለወጥ ፊኮሉ ይለወጣል፤ ደሙ ቢያረጅ ሴሉ ይለወጣል።

ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው ያነሰው?

«ሴሉ አነሰ» ከማለት በፊት ስንት መሆን እንደነበረበት ማወቅ ያስፈልጋል። ላብራቶሪው «በሚሊ ሊትር ደም ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን» የሚለውን የመመሪያ ቁጥር ለሁሉም ሰው ይጠቀም ነበር። ይህ እንደ ግምት መጥፎ አይደለም፤ ለምርመራ ግን አይበቃም። የተሻለው መንገድ ከዚያው ሰው ደም ላይ ሙሉ የደም ቆጠራ ማሠራትና የሊምፎሳይቱንና የሞኖሳይቱን ቁጥር መደመር ነው። ለምሳሌ ሊምፎሳይት በማይክሮ ሊትር 1,700፣ ሞኖሳይት 400 ከሆነ ድምሩ 2,100 ይመጣል፤ ይህም በሚሊ ሊትር 2.1 ሚሊዮን ነው። በ8 ሚሊ ሊትር 16.8 ሚሊዮን ሴል ይኖራል ማለት ነው። ከዚህ ከግማሽ በላዩ ቀለበቱ ላይ ከተገኘ ሥራው ጤናማ ነው። ሁሉንም ማግኘት አይቻልም።

በዚህ ስሌት ውስጥ ሁለት ነገሮች ይሳሳታሉ። አንደኛው መጠኑ ነው። ደም መቅጃ ቱቦ ደምን የሚስበው በውስጡ ባለው ባዶነትና በውጭው አየር ግፊት ልዩነት ስለሆነ ከፍታ ላይ የሚስበው ይቀንሳል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ «10 ሚሊ ሊትር» የሚል ቱቦ እዚህ ላይ 10 ሊሞላ አይችልም። ስለዚህ በመዝገቡ የሚገባው በቱቦው ላይ የተጻፈው ሳይሆን በፒፔት የተለካው መጠን መሆን አለበት።

ሁለተኛው መነሻ ቁጥሩ ነው። እዚሁ አዳማ አጠገብ በወንጂ ስኳር ፋብሪካና በአቃቂ የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ለዓመታት ሰዎችን ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተሙ ሥራዎች የኤችአይቪ ቫይረስ የሌለባቸው ጤናማ ኢትዮጵያውያን ከኔዘርላንዳውያን ያነሰ ሲዲ4 ሴል እንዳላቸው ተዘግቧል። በአውሮፓ ደም ላይ የተሠራን «የሚጠበቅ ሲዲ4» ሠንጠረዥ እንዳለ ወስዶ ደካማ ምርት ነው ማለት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ይህን ቅርብ ሥራ የማያውቅ ብዙ ባለሙያ አለ፤ ያሳዝናል።

አቆጣጠሩም ራሱ ያሳስት ነበር። ሴሎቹ በትራይፓን ብሉ ብቻ ተቀልመው በካሬ በተከፋፈለ የመቁጠሪያ ስላይድ (ኒውባወር) ሲቆጠሩ፣ ቀለበቱ ሮዝ በሆነበት ቀን ቀይ ሴሎች አብረው ይቆጠራሉ። ቀይ ሴሎቹ የጠፉትን ነጭ ሴሎች ይተካሉ፤ ቁጥሩ ደህና ይመስላል። ለዚህ መድኃኒቱ «ቱርክ» የሚባለው ፈሳሽ ነው፦ 3 በመቶ አሴቲክ አሲድና ጥቂት ጄንሺያን ቫዮሌት። አሲዱ ቀይ ሴሎቹን ያፈርሳል፤ ቀለሙ ኒውክለስ ያላቸውን ብቻ ያሳያል። ከ10 ማይክሮ ሊትር ሴል ጋር 90 ማይክሮ ሊትር ቱርክ ይቀላቀላል፤ በአራቱ የማዕዘን ካሬዎች የተቆጠረው አማካይ በ10 ከዚያም በ10,000 ሲባዛ በሚሊ ሊትር ያለው ይገኛል። ትራይፓን ብሉ አሁንም ያስፈልጋል፤ ሥራው ግን የሞተና ያልሞተ መለየት ነው።

የሚደፋውን መቁጠር

አቆጣጠሩ ከታረመ በኋላ አንድ ፈቃደኛ ሰው የሰጠው ትኩስ ደም ተከፋፈለ፤ ከእያንዳንዱ ቱቦ የሚደፋ ምንም ነገር እንዳይኖር ተደረገ። ፕላዝማው፣ ቀለበቱ፣ ፊኮሉ፣ ዝቃጩ፣ የመጀመሪያው እጥበት ፈሳሽና የሁለተኛው እጥበት ፈሳሽ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ተቆጠሩ።

ዝቃጩን መቁጠር ትንሽ ሥራ አለው። በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ 8.3 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ፣ 1 ግራም ፖታሲየም ባይካርቦኔትና 37 ሚሊ ግራም ኢዲቲኤ ተሟምቶ ፒኤቹ 7.2 እስከ 7.4 ይደረጋል። ከአንድ እጅ ዝቃጭ ጋር አሥር እጅ ከዚህ ፈሳሽ ተጨምሮ ለ5 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ቀይ ሴሎቹ ይፈርሳሉ። በሥር ግራኑሎሳይቶች ስለሚኖሩ አጠቃላይ ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ በስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ በጊምሳ ቀለም ተቀልሞ፣ ስንቱ ሊምፎሳይት ስንቱ ግራኑሎሳይት እንደሆነ መታየት አለበት። ጊምሳ በወባ ምርመራ ምክንያት በየጤና ጣቢያው ስላለ ይህ ለማንም አዳጋች አይደለም።

ቆጠራው ችግሩ አንድ አለመሆኑን ወዲያው አሳየ። የጠዋትና የከሰዓት ቱቦዎች ተቃራኒ ጥፋት ነበረባቸው። ጠዋት የተሠሩት ቀለበታቸው ወፍራም ነገር ግን በግራኑሎሳይትና በቀይ ሴል የተበከለ ነበር። ከሰዓት የተሠሩት ቀለበታቸው ንጹሕ ሆኖ ሲሳሳ ሊምፎሳይቶቹ በፊኮሉ ውስጥና ከሥር ተገኙ። በሁለቱም ላይ የጋራ የነበረው ፕላዝማው ደመናማ መሆኑ ነው፤ ወደ ቀለበቱ ገና ያልደረሱ ሴሎች እዚያ ተንሳፍፈው ነበር። በመዝገቡ ላይ የወሩ አማካይ ብቻ ይጻፍ ስለነበር ጠዋቱና ከሰዓቱ እርስ በርሳቸው ተሸፋፍነው ኖረዋል።

ሴንትሪፊዩጁ

ለደመናማው ፕላዝማ ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። የቀድሞው ትልቅ ሴንትሪፊዩጅ ተበላሽቶ በየካቲት መጨረሻ በትንሽ የጠረጴዛ ሴንትሪፊዩጅ ተተክቷል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መመሪያ ግን «1,340 ዙር በደቂቃ፣ 30 ደቂቃ» የሚል ነው፤ 400 ጂ የሚለው አልተጻፈበትም። ሴሎቹ የሚያውቁት የዙሩን ብዛት ሳይሆን የሚደርስባቸውን ኃይል ነው፤ ኃይሉ ደግሞ በሮተሩ ሬዲየስ ይወሰናል። ስሌቱ የሚከተለው ነው፦

ጂ = 0.00001118 × ሬዲየስ በሴንቲ ሜትር × (ዙር በደቂቃ)²

የቀድሞው ሮተር ሬዲየስ 20 ሴንቲ ሜትር ነበር፦ 0.00001118 × 20 × 1,340 × 1,340 ወደ 401 ጂ ይመጣል። የአዲሱ ሬዲየስ 14 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በዚያው 1,340 ዙር 281 ጂ ብቻ ይሰጣል። ከኃይሉ ሠላሳ በመቶው ጠፍቷል ማለት ነው። በአዲሱ ላይ 400 ጂ ለማግኘት 1,600 ዙር በደቂቃ ያስፈልጋል።

ሬዲየሱ ሲለካ ባልዲው ተወዛውዞ አግድም በሚሆንበት ሁኔታ፣ ከሮተሩ መሀል እስከ ቱቦው ጫፍ ነው። ባልዲው ተንጠልጥሎ ሳለ የሚለካ ሰው አነስተኛ ቁጥር ያገኝና ዙሩን ከሚገባው በላይ ያበዛል፤ ያኔ ሊምፎሳይቶቹ ወደ ፊኮሉ ይገባሉ። የአምራቹ መመሪያ ካለ ከዚያ መውሰድ ይሻላል፤ የሚሰጠው ከፍተኛው ሬዲየስ ይሁን አማካዩ ግን መታየት አለበት። ቱቦዎቹን ዘንበል አድርጎ የሚይዝ ቋሚ ሮተር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሽፋኖቹ በቱቦው ግድግዳ ላይ ተዘርግተው ይቀላቀላሉ።

አዲሱ መሣሪያ ሲገዛ ፍሬኑ «ሙሉ» ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ሮተሩ በድንገት ሲቆም ፈሳሹ ይሽከረከርና ቀለበቱ ይበተናል። ፍሬን ዜሮ፣ አነሳሱም ዝቅተኛ መሆን አለበት። ያለ ፍሬን እስኪቆም ጊዜ ይወስዳል፤ ተጣድፎ ክዳን መክፈት አይገባም።

ሙቀቱ

ፊኮል 1.077 የሚሆነው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ጠዋት ላይ ጠርሙሱ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ወዲያው ይቀዳ ነበር፤ ደሙም ከሌሊቱ ቅዝቃዜ ሳይወጣ ይጨመራል። ቀዝቃዛ ፊኮል ይከብዳል፣ ይወፍራልም። መስመጥ የነበረባቸው ግራኑሎሳይቶች ላዩ ላይ ይቀራሉ፤ ቀይ ሴሎቹም በቅዝቃዜ በደንብ ስለማይከመሩ ይዘገያሉ። ከሰዓት በኋላ ተቃራኒው ይሆናል። በአዳማ በመጋቢትና በሚያዝያ የክፍሉ ሙቀት 30 ዲግሪ መድረሱ የሚያስገርም አይደለም። አዲሱ ሴንትሪፊዩጅ ማቀዝቀዣ የለውም፤ ሞተሩም ሲሠራ ክፍሉን ይበልጥ ያሞቀዋል። የሞቀ ፊኮል ይቀልላል፤ ሊምፎሳይቶቹ በላዩ መንሳፈፍ ትተው ይገቡበታል።

ማቀዝቀዣ ያለው ሴንትሪፊዩጅ ቢገዛ ችግሩ በአንድ ጊዜ ይፈታል፤ ገንዘቡ ግን አልነበረም። የተወሰደው መፍትሔ ይህ ነው። ፊኮሉ ከፀሐይ ብርሃን ተሸፍኖ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል 20 ዲግሪ ውሃ ባለበት ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል። ፒቢኤሱና የቀጠነው ደምም እዚያው ይገባሉ። የውሃው ሙቀት በቴርሞ ሜትር ይታያል፤ ከ22 ሲያልፍ ጥቂት በረዶ ይጨመርበታል። ከሩቅ ከሚመጣው ደም በቀር የፊኮል ሽክርክሪት ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት እንዲያልቅ ተደረገ። ሴንትሪፊዩጁ በተከታታይ አይሠራም፤ በሁለት ዙር መካከል ክዳኑ ተከፍቶ ይቀዘቅዛል፣ የውስጡም ሙቀት ይለካል። ፊኮል ከጠርሙስ ሲቀዳ ደግሞ ቀድሞ በቀስታ ተገለባብጦ መቀላቀል አለበት፤ ለረጅም ጊዜ የቆመ ጠርሙስ ከላይና ከታች እኩል ላይሆን ይችላል።

የመንገዱ ደም

ከመተሐራ የሚመጣው ደም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተቀድቶ ከሌሎች ናሙናዎች ጋር በበረዶ ሣጥን ይጫንና ከሰዓት 9 ሰዓት ገደማ አዳማ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት ሥራ ስለማይጀመር እስከ ማግስቱ ጠዋት ያድራል። ከተቀዳበት ሰዓት ቢቆጠር 24 ሰዓት ሞላው።

ፕላዝማ ለቫይረስ ምርመራ ሲላክ ቅዝቃዜ ይረዳል፤ ሁሉም ናሙና አብሮ ወደ በረዶ የሚገባውም በዚህ ልማድ ነው። ሕይወት ላለው ሴል ግን ሕጉ ሌላ ነው። ሙሉው ደም ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ሆኖ በ8 ሰዓት ውስጥ መሠራት ይኖርበታል። ጊዜው ሲያልፍ ግራኑሎሳይቶች ይነቃሉ፣ እፍግታቸውም ይቀንሳል፤ ከሥር መስመጥ ትተው ቀለበቱ ውስጥ ይቀላቀላሉ። ቅዝቃዜ ይህን ያባብሳል። ጉዳቱ በቁጥር ብቻ አያበቃም፤ የነቁ ግራኑሎሳይቶች የቲ ሴሎችን ምላሽ ያፍናሉ። ስለዚህ «ታማሚው ለነቀርሳ ፕሮቲን ምላሽ አልሰጠም» የሚለው ውጤት የታማሚው ሳይሆን የመንገዱ ውጤት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ አሳሳቢው ይህ ነው፤ የመተሐራ ታማሚዎች ሁሉ ከአዳማዎቹ የተለዩ መስለው ይቀርቡ ነበርና። እነዚያ ውጤቶች ከትንተናው ወጥተዋል።

አሁን ከሩቅ የሚመጣው ደም የሚጓዘው በዚያው ሣጥን ቢሆንም በበረዶ ፋንታ የክፍል ሙቀት ያለው የቧንቧ ውሃ የተሞሉ ጠርሙሶች ይከቡታል። ውሃው በመኪናው ውስጥ ያለውን ሙቀት ለሰዓታት ይመክታል። በሣጥኑ ውስጥ ትንሽ ቴርሞ ሜትር ይገባል፣ መነሻና መድረሻ ሰዓቱም በወረቀት ይጻፋል። የመተሐራ ደም የሚቀዳበት ቀን በሳምንት ወደ አንድ ቀን ተሰብስቦ በዚያ ቀን አንድ ባለሙያ እስከ ምሽት ይቆያል። በምንም ምክንያት ማደር ግድ ከሆነ ደሙ በእኩል መጠን ፒቢኤስ ቀጥኖ በክፍል ሙቀት ያድራል፤ ይህ የግራኑሎሳይቱን መንቃት ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። በመዝገቡም «ያደረ» ተብሎ ይለያል።

እጥበቱ

ከጠፉት ሴሎች ቀላል የማይባል ክፍል የተገኘው በመጀመሪያው እጥበት ፈሳሽ ውስጥ ነው። ቀለበቱ በፒፔት ሲመጠጥ ፊኮልም አብሮ ይመጣል። የተመጠጠው በበቂ ፒቢኤስ ካልቀጠነ ፈሳሹ ራሱ ከባድ ስለሆነ ሴሎቹ ወደ ሥር አይወርዱም፤ ከላይ ያለው ሲደፋ አብረው ይደፋሉ። የተመጠጠው ቢያንስ በሦስት እጥፍ ፒቢኤስ መቅጠን አለበት፤ ላብራቶሪው ግን ቱቦ ለመቆጠብ ከአራቱም ቱቦ የተመጠጠውን በአንድ የ15 ሚሊ ሊትር ቱቦ ይሰበስብ ነበር። አሁን ወደ 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ ተዛውሮ እስከ 45 ይሞላል፣ በ400 ጂ ለ10 ደቂቃ ይሽከረከራል። ሁለተኛው እጥበት በ200 ጂ ለ10 ደቂቃ ነው፤ በዚህ ዝቅተኛ ኃይል ነጭ ሴሎቹ ሲወርዱ ፕላትሌቶቹ በአብዛኛው ከላይ ይቀራሉ። ፕላትሌት በብዛት ከቀረ ሴሎቹን እርስ በርስ ያጣብቃል።

ማግኔቱ

በማግኔት መለየት ማለት እጅግ ደቃቅ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶችን በተሸከመ አንቲቦዲ (ከአንድ ምልክት ጋር ብቻ በሚጣበቅ ፕሮቲን) ሲዲ4 ሴሎችን ምልክት አድርጎ፣ በጠንካራ ማግኔት ውስጥ በቆመ ኮለም ማሳለፍ ነው። ምልክት ያለው ይያዛል፣ የቀረው ያልፋል። ኮለሙ ከማግኔቱ ሲወጣ የተያዘው ይለቀቃል።

ለ10 ሚሊዮን ሴል 80 ማይክሮ ሊትር ቋት ፈሳሽና 20 ማይክሮ ሊትር ቅንጣት ይደረግና ለ15 ደቂቃ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቆያል። ቋቱ ፒቢኤስ ሲሆን 0.5 በመቶ የከብት ሴረም አልቡሚንና 2 ሚሊ ሞላር ኢዲቲኤ ይጨመርበታል። ከዚያ በ2 ሚሊ ሊትር ታጥቦ፣ በ500 ማይክሮ ሊትር ተበጥብጦ ወደ ኮለሙ ይገባል። ትንሹ ኮለም እስከ 10 ሚሊዮን ምልክት ያለው ሴል፣ ትልቁ እስከ 100 ሚሊዮን ይይዛል። ትንሹ በ500 ማይክሮ ሊትር ሦስት ጊዜ፣ ትልቁ በ3 ሚሊ ሊትር ሦስት ጊዜ ይታጠባል። በእያንዳንዱ መካከል ፈሳሹ እስኪያልቅ ይጠበቃል፤ ኮለሙ ግን እንዲደርቅ አይተውም።

ኮለሙ ይዘጋ የነበረው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ የተጣበቁ ሴሎች ነው፤ ባደረ ደም ውስጥ የሞቱ ሴሎች የሚለቁት ዲኤንኤ እንደ ሙጫ ያያይዛቸዋል። ከመግባታቸው በፊት በ30 ማይክሮ ሜትር ወንፊት ማሳለፍ ይህን ይከላከላል። ሌላው አረፋ ነው። ቋቱ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በሞቃት ክፍል ሲቀመጥ በውስጡ የሟሟው አየር ይወጣና በኮለሙ ውስጥ ጥቃቅን አረፋ ይሆናል። ቋቱ ቀድሞ በቫኩም አየሩ ወጥቶለት፣ ተከድኖ ይቀዘቅዛል፤ ሲሠራበትም በበረዶ ላይ ይቆያል። ሥራውን ለማፋጠን በክፍል ሙቀት ምልክት ማድረግ ወይም ከ15 ደቂቃ በላይ ማቆየት ቅንጣቱን ከማይፈለጉ ሴሎች ጋር ያጣብቀዋል፤ የሞተ ሴልም ምንም ምልክት ሳይኖረው ቅንጣት ይይዛል። በትራይፓን ብሉ ሕያውነቱ ከ90 በመቶ በታች የሆነ ናሙና ወደ ኮለም እንዳይገባ ተወሰነ።

ንጽሕናው የሚረጋገጠው ሴሎችን አንድ በአንድ በብርሃን በሚመረምረው መሣሪያ፣ በፍሎው ሳይቶሜትር ነው። ላብራቶሪው መሣሪያው ስለሌለው ከእያንዳንዱ ሥራ ጥቂት ሴል ለሲዲ3፣ ለሲዲ4፣ ለሲዲ14ና ለሲዲ45 (የተለያዩ የሴል ምልክቶች ናቸው) ባለቀለም አንቲቦዲ ተደርጎለት፣ በ1 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ተጠብቆ፣ ከብርሃን ተሸፍኖ በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ይላካል።

ሁሉም ከታረመ በኋላ ምርቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ንጽሕናው ግን አሁንም ከተፈለገው ትንሽ ጎደለ። ፍሎው ሳይቶሜትሩ ቀሪው ብክለት ሲዲ14 ያላቸው ሴሎች፣ ማለትም ሞኖሳይቶች መሆናቸውን አሳየ። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ሞኖሳይቶችም ደከም ያለ ሲዲ4 ስላላቸው ቅንጣቱ ይይዛቸዋል። ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ሲዲ4 ያልሆነውን ሁሉ ምልክት አድርጎ ሲዲ4 ሴሎቹን ሳይነኩ የሚያሳልፍ ኪት ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሞኖሳይቶቹም ከሌሎቹ ጋር ተደባልቀው ይቀራሉ። ሁለተኛው መጀመሪያ በሲዲ14 ቅንጣት ሞኖሳይቶችን ማውጣት፣ ከኮለሙ ያለፈውን ቆጥሮ በሲዲ4 ቅንጣት በአዲስ ኮለም መለየት ነው። ላብራቶሪው ሁለተኛውን መረጠ፤ ምክንያቱም የሥራው ዓላማ ሞኖሳይቱን ራሱን ይፈልገዋል። ንጹሕ ሲዲ4 ሴል ብቻውን የነቀርሳ ፕሮቲን ቢሰጠው አያውቀውም፤ ፕሮቲኑን ቆራርጦ የሚያሳየው ሌላ ሴል ያስፈልገዋል። አሁን የአንዱ ታማሚ ሞኖሳይት ከመጀመሪያው ኮለም ይለቀቃል፣ ይቆጠራል፣ ተነጥለው ለወጡት ለራሱ ሲዲ4 ሴሎች በታወቀ ቁጥር ይመለስላቸዋል። ከዚህ በፊት ሳይታወቅ በብክለት መልክ ይገባ የነበረው ሞኖሳይት ከናሙና ናሙና የተለያየ ስለነበር የምላሹም መጠን አብሮት ይለያይ ነበር።